ሴቶቹን ቡችሎች ማን ይውሰድ?

«ወንድ ነው ሴት?»

ባለፈው ክረምት በስልኬ ከደወሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ከሰላምታ ቀጥለው ያነሱት ጥያቄ ይኸው ነበር። አንዳንዱ ሰላምታውንም ይዘለዋል፤ «ማዘር፣ ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ይጀምራል። ሴት ናት ስለው «እሺ፣ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል፤ ተመልሶ ግን አይደውልም። ዕድሜያቸውን የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ስለ ክትባት የጠየቀችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀደም ሲል ልጇ በውሻ የተነከሰባት እናት ናት። በእኔ ኃላፊነት የነበሩት ደግሞ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ቡችሎች ናቸው። ወንዶቹ በሦስት ቀን ውስጥ ሄዱ። ለሴቶቹ ቤት ለማግኘት ግን ነሐሴን ሙሉ ስልክ ሳነሳና ስመልስ ከረምኩ።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ሠፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ልጅ ሲያተኩሰው፣ የአዛውንት ደም ግፊት ሲጨምር በሬ ይንኳኳል። በውሻ ጉዳይ ይንኳኳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎን ግንባታው የቆመ ሕንፃ አለ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ልጆች «ዳማ» ብለው የሚጠሯት የሠፈር ውሻ በዚያ ሕንፃ ምድር ቤት አምስት ቡችሎች ወለደች። ዳማ የማንም አይደለችም፤ የሁሉም ናት። ባለሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ ይጥልላታል፤ የሌሊት ጥበቃዎቹ አብራቸው ስለምታነጋ ከእንጀራቸው ያካፍሏታል፤ ልጆቹ ብስኩታቸውን ይሰጧታል። የሁሉም የሆነ ውሻ ችግሩ ታዲያ ወስዶ የሚያስከትበው ሰው አለመኖሩ ነው።

ሐምሌ ውስጥ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ የ7 ዓመት ልጅ አንዱን ቡችላ ላንሳ ብላ ስትጎነበስ ዳማ ባቷን ነከሰቻት። ቁስሉ ትልቅ አልነበረም፤ ሁለት የጥርስ ምልክትና ትንሽ ደም ብቻ። እናቲቱ ይዛት ስትመጣ ደሙን ለማቆም ብላ የተፈጨ ቡና ነስንሳበታለች። «ትንሽ ነው አይደል ሲስተር?» አለችኝ።

አስሩ ቀን

የልጅቱን እግር ቧንቧ ሥር አድርጌ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አጠብኩት። ሰዓት ይዤ ነው። ለሚያለቅስ ልጅና ለተደናገጠች እናት 15 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና በደንብ ማጠብ ደግሞ ከክትባቱ በፊት ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ መከላከያ ነው። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ወይም አልኮል ካለ ይቀባል። ቡና፣ ኖራ፣ ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ቁስሉ ጠበቅ ተደርጎ አይታሰር፤ መሰፋት ካለበትም መቼ እንደሚሰፋ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። መቧጨርም፣ የተላጠ ቆዳን ወይም አፍና ዓይንን መላሱም እንደ ንክሻ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። ወደ ሌላ ተላክን፤ እዚያ በዚያው ቀን ተጀመረላት።

ስንመለስ የግቢው ወንዶች ዱላ ይዘው ምድር ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ውሻዋ ትገደል፣ ቡችሎቹ በማዳበሪያ ተደርገው ከቀለበት መንገድ ማዶ ይጣሉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የልጅቱ አባት በጣም ተቆጥቷል፤ አባት ነውና አልፈርድበትም። የነዋሪው ኮሚቴ ማምሻውን ሲሰበሰብ የተናገርኩት ስለ ውሻዋ አዝኜ ሳይሆን ስለ ልጅቱ ነበር።

አንድ ውሻ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፈው ምልክቱ ሊታይበት ጥቂት ቀናት ሲቀሩትና ከታየበት በኋላ ነው። ምልክቱ የታየበት ውሻም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰ ውሻ 10 ቀን ተዘግቶበት፣ እየበላና እየጠጣ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ሐኪሙም የጀመረውን ክትባት እዚያ ላይ ሊያቆም ይችላል። ውሻዋ ተገድላ ከተጣለች ግን ይህ መረጃ አብሮ ይጣላል። «ዳማን የምንጠብቃት ለልጃችሁ ስንል ነው» አልኩት ለአባትየው። ዝም አለ። በመጨረሻ ምድር ቤቱን በቆርቆሮ የዘጋው ራሱ ነው።

በሥራ ዘመኔ በዚህ በሽታ የሞተ ልጅ አይቻለሁ። ከተነከሰ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ቁስሉ ስለዳነ ቤተሰቡ ረስቶታል። ውኃ በኩባያ ስናቀርብለት ጉሮሮው ይኮማተራል፤ በመስኮት ነፋስ ሲገባም እንዲሁ ይንፈራገጣል። በመሐል ሲረጋጋ እናቱን በስሟ ይጠራታል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ደግሞ በሽታውን ይከለክለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው፤ ካበደ እንስሳ ተነከሱ ተብለው ከሚጠረጠሩት ሰዎችም 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጆች ውሻ ይወዳሉ፣ ፊታቸው ለውሻ አፍ ቅርብ ነው፣ ቢነከሱም ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ።

ለአያቶች የምለው ነገር አለኝ። እኔ ወጣት ሳለሁ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ ሆድ ላይ በየቀኑ፣ ለ14 ቀን ይወጋል። ልጆች ከሩቅ ሲያዩን ይሸሹ ነበር፤ እናቶችም አብረው ይሸሹ ነበር። የዚያ መርፌ ወሬ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይወራል። «14 መርፌ ሆዱ ላይ ከሚወጋ…» እያሉ ልጁን ቤት የሚያስቀሩ ዘመዶች አጋጥመውኛል። አሁን የሚሰጠው አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ነው፤ በቀናት ልዩነት 4 ወይም 5 ጊዜ። ቁስሉ ከባድ ከሆነ፣ በተለይ ፊትና ጭንቅላት አካባቢ ከሆነ፣ ሐኪሙ ተጨማሪ መድኃኒት ቁስሉ ዙሪያ ሊወጋ ይችላል። ጸበል የምትሄዱም እየተጠመቃችሁ መከተብ ትችላላችሁ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሥሩን ቀን የልጅ ልጄ በደብተሩ መዘገበ። «ሰኞ፦ በላች፣ ጠጣች፣ ጅራቷን ቆላች።» በአሥረኛው ቀን የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አያት፤ ጤነኛ ናት። ከተባት። ኮሚቴውም ውሳኔ አስተላለፈ፦ ዳማ ከእንግዲህ እንዳትወልድ ከተደረገች ከጥበቃዎቹ ጋር ትቆይ፤ ቡችሎቹ ግን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከግቢው ይውጡ። ካልወጡ ማዳበሪያው አለ።

ከስልክ ውስጥ ያለው ገበያ

የልጅ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። «አያቴ፣ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋቸዋለን» አለኝ። በእናቱ ስልክ አብረን ተቀምጠን መጀመሪያ ሌሎች የለጠፉትን አየን። ብዙው ገበያ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ፣ ነጭ ጠጉራም ቡችላ፣ ዋጋው በውስጥ መስመር። ጥቂቶቹ ገጾች ግን የተጎዱና የተጣሉ ውሾችን አንስተው፣ አሳክመው፣ አሳዳጊ የሚፈልጉ ወጣቶች የሚያንቀሳቅሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በኪሳቸው ነው የሚሠሩት። «አዶፕሽን» ይሉታል፤ ጉዲፈቻ የሚሉም አሉ። እኔ «አሳዳጊ መፈለግ» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጉዲፈቻ ሲባል ሰው ይስቅና ዋናውን ጉዳይ ሳይሰማ ያልፈዋል።

ስለ ሽያጩ ያለኝን ልናገር። የእህቴ ልጅ ለልጆቹ በፌስቡክ ካየው ሻጭ ቡችላ ገዛ። ሻጩ ቀብድ በስልክ ካልላክህ ሌላ ሰው ይወስደዋል ብሎ አስቸኮለው። ቀብዱ ከተላከ በኋላ የመጣው ቡችላ ፎቶው ላይ ያለው አልነበረም፤ በአምስተኛው ቀን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘው፤ በሰባተኛው ሞተ። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ያልተከተቡ ቡችሎችን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሻጩ ቁጥሩን ዘግቷል። ልጆቹ ግን የቡችላውን መሞት በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ልገዛም ሆነ በነጻ ልውሰድ የምትሉ፣ ውሻውን በአካል ሳታዩ ምንም ገንዘብ አትላኩ። በቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እናቱ አብራ ካለች ይበልጥ ጥሩ ነው። የሻጩን ፎቶ በጉግል ፈልጉት፤ ያው ፎቶ ሌላ አገር ገጽ ላይ ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው። ክትባት አለው ከተባለ ደብተሩ ይታይ፤ ቀን፣ የክትባቱ ስም፣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም ያለው። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ «እጅ ላይ ቢያድግ ይለምዳል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊገላገለው ቸኩሏል። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በነዚያ ሳምንታት እየተጫወተ ነው አፉን መቆጣጠር የሚማረው።

የልጅ ልጄ የለጠፈው የመጀመሪያ ማስታወቂያ «ቆንጆ ቡችሎች በነጻ!!!» ይላል። በአንድ ቀን ከ40 በላይ ሰው ደወለ። አንዱ አምስቱንም በአንድ ጊዜ እወስዳለሁ አለኝ፤ ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ስጠይቀው ተናደደ። ሌላው ለውሻ ማዋጋት እንደሚፈልገው ሳያፍር ነገረኝ። በነጻ የተባለ ነገር ሁሉን ሰው ይጠራል። ማታ ተቀምጠን ጽሑፉን እንዲህ ቀየርነው፦

«8 ሳምንት የሞላቸው የሀበሻ ቡችሎች አሳዳጊ እንፈልጋለን። አይሸጡም። የሆድ ትል መድኃኒት ወስደዋል፤ የእብድ ውሻ ክትባት 3 ወር ሲሞላቸው መስከረም ላይ ይከተባሉ። የሚወስድ ሰው መታወቂያ ይዞ ይመጣል፤ የሚኖሩበትን ቦታ ያሳየናል፤ ካልተስማማው ለእኛ ይመልሳል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ሴቶቹ 6 ወር ሲሞላቸው እንዳይወልዱ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና ወጪ እኛ እንችላለን።»

ደዋዩ በማግስቱ ወደ ስድስት ወረደ። ስድስቱ ግን የሚያናግሩ ሰዎች ነበሩ።

የምጠይቃቸው ጥያቄ ብዙ አልነበረም። ግቢ አላችሁ? ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅዷል? ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄዱ ማን ያበላዋል? ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ? ቀን ቀን በሰንሰለት ነው የሚውለው? የአከራይ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በከተማችን ግን ብዙ ውሻ ጎዳና የሚወጣው ተከራይ ቤት ሲቀይር ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የእስልምና ተከታይ አባት ለመጋዘናቸው ወንዱን ሲወስዱ «ሲስተር፣ ቤት አናስገባውም፤ ግን አይራብም፣ ዝናብም አይመታውም» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? የክርስቲያኑም ቤት ቢሆን ውሻ ሳሎን አይገባም። ደረቅ ማደሪያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ከሰንሰለት መፈታት፤ እኔ የምለው ይኸው ነው። ሁለተኛውን ወንድ አንድ ወጣት ወሰደው፤ መታወቂያውን አሳየን፣ ግቢውንም አየነው።

ሴት ውሻ ምን አደረገች?

ሴቶቹን የማይፈልጉበትን ምክንያት ደዋዮቹን ጠየቅኳቸው። «ትወልድብናለች።» «የሠፈር ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ይሰበሰባል።» «ቡችሎቿን የት እንጥላለን?» የመጨረሻውን ያለችኝ ሴት ክፉ ሰው አይደለችም፤ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። ዳማም የተገኘችው እንዲሁ ነው። ጥበቃዎቹ እንደሚሉት ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ከመኪና አውርዷት ሄደ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሴት ውሻ ከስድስት ወሯ ጀምሮ ልትፈልግ ትችላለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል። እርግዝናዋ ሁለት ወር ግድም ነው። አምስት አምስት ብትወልድ በዓመት አሥር ነው፤ ከአሥሩ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሴቶች ናቸው። በየጊዜው የሠፈር ውሻ በመርዝ ሲገደል አይተናል፤ በዓመቱ ግን ሌላ ውሻ፣ ያውም ያልተከተበ፣ በቦታው ይገኛል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ የታወቀ ነው። ሰው ለይቶ የሚያውቃቸው፣ የተከተቡና የማይወልዱ ውሾች ያሉበት ሠፈር ለልጆች ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ስንት ዓመት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ እናቶችን ሳስተምር ኖሬ፣ በጡረታዬ ደግሞ ስለ ውሻ ማስተማር ጀመርኩ። ቀዶ ሕክምናው ማህፀኗንና የእንቁላል ማፍሪያዋን ማውጣት ነው። ተኝታ ነው የሚሠራላት። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ግድም ይጠግጋል። ከዚያ በኋላ አትፈልግም፣ ወንድ ውሻም በር ላይ አይሰበሰብም፣ የማህፀን መመረዝ አይገጥማትም። መጠበቋንም አትተውም። ይህን በስልክ ስደጋግመው ባለቤቴ «ካሴት ቅጂና አሰሚያቸው» አለኝ።

ገንዘቡስ? ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። እድራችን የሰው ነው፣ ውሻ አይቀብርም ብለው ሳቁብኝ። በኋላ ግን ቤት ለቤት ዞረን፣ የሰጠም ያልሰጠም ኖሮ፣ ለዳማና ለሦስቱ ልጆቿ የሚበቃ ተሰበሰበ። ከሁሉ ብዙ የሰጠው የተነከሰችው ልጅ አባት ነው። ምንም አላለም፤ ፖስታውን ሰጥቶኝ ሄደ።

በዚያው ሳምንት የአንድ ጋራዥ ባለቤት ወንድ ፈልጎ መጣ። ወንዶቹ አልቀዋል። ወጪውን እኛ እንደምንሸፍን ስነግረው ቆም ብሎ ሴቶቹን አያቸው። «እንግዲያው የምትጮኸዋን ስጡኝ» አለ፤ ያቺ ወደ ሳሪስ ሄደች።

ሁለተኛዋ ታሪኳ ረዘም ይላል። ቨርጂኒያ የምትኖር ሴት ማስታወቂያውን ፌስቡክ ላይ አይታ ደወለችልኝ፤ እናቷ እዚህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ውሻ ትሁናቸው አለችኝ። «እሳቸው ይፈልጋሉ?» አልኳት። «ይለምዱታል» አለችኝ። ቁጥራቸውን ተቀብዬ ራሴ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ልጅዎ ውሻ እንድሰጥዎ ጠይቃኝ ነበር።»

«ባለፈው ካሜራ ልትተክልብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ውሻ?» አሉኝና ሳቁ። «እህቴ፣ እኔ ወገቤ አያጎነብሰኝም፤ ማን ሊያጥብላት ነው?»

እውነታቸውን ነው። ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ አያቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከሩቅ ሆነው ፍቅራቸውን በዕቃ ይልኩታል። ውሻ ደግሞ ዕቃ አይደለም፤ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ይኖራል። ለልጅቱ እናትሽ አልፈለጉም አልኳት፤ ቅር አላት። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። የሠራተኛቸው ልጅ አብሯቸው እንደሚኖርና ማብላቱን እንደሚወስድ ነገሩኝ፤ «እስቲ ላያት ብቻ» አሉ። መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዩ። አንዷ፣ የፊት እግሯ ነጭ የሆነው፣ ቀሚሳቸው ሥር ተኛች። «ይችን» አሉ።

ሦስተኛዋን ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ወሰዳትና በስምንተኛው ቀን መለሳት። ጫማ በላች፣ ሌሊት ታለቅሳለች፣ ትንሹን ልጅ አጉረመረመችበት። ሲመልሱ ተሳቀው ነበር፤ እኔ ግን አመሰገንኳቸው። መልሱልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ሊተዋትም ይችሉ ነበር። ማጉረምረሟን ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ልጁ እየበላች ሳለ ሳህኗን ነክቶባት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ላይ ስለ ክትባት የጠየቀችኝ ያቺ እናት ደውላ «አሁንም አለች?» አለችኝ። ልጇ የተነከሰባት ሴት እንዴት ውሻ ትፈልጋለች ብዬ ገርሞኝ ጠየቅኳት። «ልጄ ጎዳና ላይ ውሻ ባየ ቁጥር ወደ መኪና መንገድ ይሮጣል። መሮጡ ከውሻው ይልቅ ያስፈራኛል፤ ከአንዷ ጋር በሥርዓት ይልመድ» አለች። ሰጠኋት።

ለእሷም ለሌሎቹም ከቡችሎቹ ጋር አንድ ወረቀት ጻፍኩላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍርሃት ናቸው፤ ውሻዋ ጥግ ይዛ ብትቀመጥ፣ ባትበላ፣ እንግዳ አትጥሩባት፣ ልጆች አይክበቧት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይተዉ፤ ውሻው የፈለገውን ያህል የዋህ ይሁን። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ቡችላ ሲያጠባ አይነካም። ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ፣ ጅራቱን የሸጎጠ፣ ፊቱን የሚያዞር ውሻ ፈርቷል። ሲያጉረመርም አትምቱት፤ ማስጠንቀቁን የተከለከለ ውሻ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። የማያውቁት ውሻ ሲጠጋቸው ልጆች እንዳይሮጡ፤ እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ መሬት መሬት እያዩ ይቁሙ። ይህን ከልጅ ልጄ ጋር በጨዋታ መልክ ተለማምደነዋል፤ እንደ ዛፍ መቆም ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

ከምግብም አንድ ሁለት ነገር። ወጥ ከእነ ሽንኩርቱ አትስጡ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ቤት የታረደ በግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ሲታይ ቆርጦ ለውሻ መወርወር ልማድ አለ። ያ ዕባጭ የትል መኖሪያ ነው። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባና በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያንኑ ዕባጭ ያበጃል። በዚህ ምክንያት የተቀደዱ ሕሙማን አስታምሜያለሁ። ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻው የሆድ ትል መድኃኒቱን በጊዜው ይውሰድ፣ ልጆች ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በፈረንጆች መስከረም 28፣ የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር በሞተበት ቀን ነው የሚውለው፤ በእኛ የመስቀል ሰሞን መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የእንስሳት ሐኪሙ ግቢያችን መጣ። 17 የሠፈር ባለውሾች ተመዝግበው 11 መጡ። ከአምስቱ ቡችሎች አራቱ ተከተቡ፤ እትዬ በታክሲ ነው ያመጧት፣ ስሟንም ሎሚ ብለዋታል። የሚቀጥለው ዙር ጥር ውስጥ ነው፤ የዘንድሮዎቹም ከዓመት በኋላ ይደገምላቸዋል።

ዳማ በጥቅምት ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶላት አሁን ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ናት። ጋራዡ ያቺን ጯሂ ባለፈው ሳምንት አምጥቷት ተሠርቶላታል፤ የሎሚና የእህቷ ቀጠሮ ለታኅሣሥ ነው። ሁለተኛውን ወንድ የወሰደው ወጣት ግን ለክትባቱ አልመጣም። ስልኩ አይሠራም፤ ግቢው ድረስ ሄደን ስንጠይቅ ቤት ለቆ ሄዷል አሉን።